የአባቶችን ዜማ ስለ መረከብ፤ ስለ ሮበርት ክሬይ የሜምፊስ አልበም የቀረበ አስተያየት

ዜማ በሰው ልብ ላይ ታላቅ ኀይል እንዳለው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይመሰክራል። ዳዊት በገናውን በደረደረ ጊዜ ሳኦል ከጭንቀቱ ያርፍ እንደ ነበረ የማያውቅ አንባቢ የለም። ስለዚህ አንድ ዘፈን ጆሮን ደስ ማሰኘቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከወዴት እንደ ተወለደና ሰሚውን ወደ ወዴት እንደሚመራው መመርመር ለዕውቀትም ለሃይማኖትም የሚገባ ሥራ ነው። ለዚህ ምርመራ ከሚመቹት ሥራዎች አንዱ፣ አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ ሮበርት ክሬይ በ2017 ዓመት «ሮበርት ክሬይና ሃይ ሪዝም» ብሎ ያወጣው አልበም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ብሉዝ ማለት በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ደቡብ፣ በባርነት የኖሩት ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ያወጡት እንጉርጉሮ ነው። ሶል የሚባለው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣ ነው፤ የቃሉም ትርጓሜ ነፍስ ማለት ነው። ከ1950 ዓመት ወዲህ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ዘፋኞች የመሪውንና የተቀባዩን ሥርዐት፣ እጅ ማጨብጨቡን፣ የኦርጋኑን ድምፅና የጸሎቱን ጩኸት ይዘው ወደ ዓለም ወጡ፤ ዜማውን እንደ ነበረ ትተው ቃሉን ለወጡት። የአምላክ ስም ይጠራበት በነበረው ስፍራ የወዳጅ ስም ተጠራበት። ከዚህም የተነሣ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዘፋኞቹን እንደ ከዳተኞች ቈጠሩአቸው። የዓለሙ ሰዎች ደግሞ፣ ዜማ የማንም ርስት አይደለምና ምን ነውር አለበት ብለው መለሱ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቈረጠም፤ የክሬይ አልበምም የሚመዘነው በዚሁ ክርክር መካከል ነው።

አልበሙ የተቀረጸው በቴነሲ አገር በሜምፊስ ከተማ፣ ሮያል ስቱዲዮ በተባለው ቤት ነው። ቤቱ አስቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበረ፤ ከ1957 ዓመት ጀምሮ ግን የዘፈን መቅረጫ ሆነ፤ ወለሉም ተመልካቾች ይቀመጡበት እንደ ነበረው ቍልቍል እንዳዘነበለ ቀረ። ዊሊ ሚቸል የተባለው መለከት ነፊና የሙዚቃ መሪ፣ አል ግሪንንና ኦ. ቪ. ራይትን ያስዘፈነው በዚህ ቤት ነው። ለእነርሱ ያጅቡላቸው የነበሩት ሃይ ሪዝም የተባሉት ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ሦስቱ ሆጅስ የሚባሉ ወንድማማች ናቸው፤ ቲኒ ጊታሩን፣ ሊሮይ ቤዝ ጊታሩን፣ ቻርልስ ኦርጋኑን ይዘው ነበር። የእነዚህ ሰዎች ጥበብ አለመቸኰል ነው። ከበሮው ይጐተታል፤ ኦርጋኑ በዝቅተኛ ድምፅ ይተነፍሳል፤ ዘፋኙም ቃሉን ለማሳረፍ ሰፊ ስፍራ ያገኛል።

የዚህ ቤት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ጋራ ያላቸው ዝምድና የሩቅ አይደለም። አል ግሪን በ1976 ዓመት ዝናው ገና ሳይበርድ በዚያው በሜምፊስ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቁሞ ሰባኪ ሆነ። ኦርጋን መቺው ቻርልስ ሆጅስም ሰባኪ ሆኖአል። ስለዚህ የወጡት ሁሉ ሳይመለሱ ቀሩ ማለት አይቻልም።

ሮበርት ክሬይ በ1953 ዓመት በጆርጅያ አገር የተወለደ የወታደር ልጅ ነው። ስሙ በዓለም የተሰማው በ1986 ዓመት በወጣው አልበሙ ነው። በጊታር አጨዋወቱ ድምፁን አያደፈርስም፤ ጥቂት ነጥብ መትቶ ዝም ማለትን ያውቃል። ወደ ሮያል ስቱዲዮ በገባ ጊዜ ዊሊ ሚቸል በ2010፣ ቲኒ ሆጅስም በ2014 ዓመት ዐርፈው ነበር። የቀሩት ቻርልስና ሊሮይ፣ ከእነርሱም ጋራ በቤቱ ያደገው አርቺ ተርነር ተቀመጡለት፤ ስቲቭ ጆርዳንም ከበሮ መቺና የሥራው አዘጋጅ ሆነ። እንግዲህ ክሬይ ጊታሩን ያሰማው የሟቹ ቲኒ ጊታር ይሰማበት በነበረው ስፍራ ነው። በዚህ ስፍራ የተቀመጠ ሰው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ አንደኛው ሟቹን መምሰል፣ ሁለተኛው ሟቹን ማስረሳት ነው። ክሬይ ከሁለቱም ይጠበቃል። ራሱን እንደ ያዘ ይጫወታል፤ ነገር ግን ድምፁን ከሽማግሌዎቹ ድምፅ በላይ አያነሣም።

ይህ ትሕትናው ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ከኦ. ቪ. ራይት በወሰደው ዘፈን ነው፤ የዘፈኑም ርእስ ሰው በራሱ ይታመን ዘንድ የሚመክር ነው። ራይት በ1980 ዓመት በ41 ዓመቱ የሞተ፣ በወጣትነቱ ከመዘምራን ማኅበር ጋራ እየዘመረ ያደገ ሰው ነበረ። ዓለማዊ ዘፈን ሲዘፍን እንኳ የሰባኪ ጩኸት ከጕሮሮው አልተለየም። ክሬይ ያን ጩኸት አይሞክረውም። የቀለለ፣ የጠራ ድምፅ አለውና፣ ምክሩን እንደ ታላቅ ወንድም ዝግ ብሎ ይናገረዋል። ካህን የሆነ አንባቢ «በራስ መታመን» የሚለውን ቃል ብቻውን ሊቀበለው አይችል ይሆናል፤ መታመን በእግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን የተናቀና የተገፋ ሕዝብ ለልጁ እንዲህ ብሎ ሲመክር፣ ትዕቢትን ማስተማሩ ሳይሆን ሰው በአምሳለ እግዚአብሔር መፈጠሩን ማሳሰቡ እንደ ሆነ ዜማውን የሰማ ያስተውለዋል።

ከቢል ዊዘርስ የተወሰደው ዘፈን፣ ደስ ያሰኘው ፍቅር እርሱው መልሶ እንዴት እንደሚያስለቅስ ይናገራል፤ ክሬይም ነገሩን ሳያጋንን፣ እንደ ተረጋጋ ኀዘንተኛ ይዞታል። ከፋይቭ ሮያልስ የተወሰደውም እንዲሁ መልካም ነው፤ እነዚያም ዘፋኞች በሰሜን ካሮላይና አስቀድመው መዘምራን የነበሩ ናቸው። ክሬይ ራሱ ከጻፋቸው መካከል አንዱ የገዥዎችን ውርደት ይነቅፋል፤ እንጉርጉሮ የድኻ አቤቱታ መሆኑንም ያስታውሳል።

ጕድለቱም ሊሸሸግ አይገባም። ከሉዊዝያና አገር የመጣው ቶኒ ጆ ዋይት (በ2018 ዓመት ዐርፎአል) ሁለት ዘፈን ሰጥቶ ጊታርም ተጫውቶባቸዋል። ዘፈኖቹ ለብቻቸው ሲሰሙ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሰሚውን ከሜምፊስ ቤት አውጥተው ወደ ሌላ አገር ይወስዱታል፤ የአልበሙም አንድነት በዚያ ይላላል። አንዳንዱም ዘፈን ከጨዋታ የማያልፍ ቀላል ነው። ከዚህም በላይ የክሬይ ጨዋነት አልፎ አልፎ ይጐዳዋል፤ ልብ ሲቀደድ ድምፅም አብሮ መሰንጠቅ በሚገባው ስፍራ እርሱ መልካም ጠባዩን አይለቅም። ራይትን የሰማ ሰው ያን ጊዜ አንድ ነገር እንደ ጐደለው ያውቃል።

ታዲያ ከክርክሩ ማን ያሸንፋል? ሽማግሌዎቹ ዜማ የተወለደበትን ቤት ይዞ እንደሚዞር ማወቃቸው ትክክል ነው፤ የጸሎት ጩኸት ለከንቱ ነገር ሲሸጥ ማዘናቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ዜማ ከቤቱ በወጣ ጊዜ ትዕግሥትን፣ እውነትን፣ ለኀዘንተኛ መራራትን ይዞ የወጣ እንደ ሆነ ፈጽሞ ጠፋ አይባልም። የዓለሙ ሰዎችም ዜማ የማንም አይደለም ሲሉ ይሳሳታሉ፤ ባለቤት የሌለው ነገር ዕዳ የለበትም፤ ይህ ዜማ ግን ዕዳ አለበት። የክሬይ አልበም የሚመሰገነው ዕዳውን ስለሚያውቅ ነው። የሌለውን ቅድስና አያስመስልም፤ የአባቶችንም ጩኸት አይሰርቅም። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ወደ ቤታቸው ሄዶ፣ ከእነርሱ ጋራ ተቀምጦ፣ የሚችለውን ያህል ተቀበለ።

በየትኛውም አገር ከአባቶች ዜማ የሚረከብ ወጣት ከዚህ ሊማር ይገባዋል። ብዙ ሰው አባቶች ከሞቱ በኋላ ድምፃቸውን ከሸክላ ለቅሞ ይመስላቸዋል፤ ያ ግን ልብስን መውሰድ ነው። ጥበብ የሚገኘው አዛውንቱ ገና በመሣሪያቸው ፊት ተቀምጠው ሳሉ፣ እነርሱ ዝም በሚሉበት ስፍራ ዝም ማለትን በመማር ነው።