ለተቆለፈ ትከሻ፦ መርፌና ከዘራ

ቱሉ ዲምቱ ላይ «ክንዴ አልነሳ አለኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ብርድ ገብቶበት ነው፣ ወጌሻ ይሳብልህ» የሚል ምክር ነው። ወጌሻ ለወለምታ የታመነ እጅ አለው፤ የተቆለፈ ትከሻ ግን አልወለቀም። የታመመው መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት ነው፤ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ይኮማተራል። ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ ንጹሕ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዋናው መለያ ክርንን ጎን ላይ አስጠግቶ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር አለመቻል ነው፤ ባለቤቱ ቢሞክረው፣ ሌላ ሰው ቢገፋው፣ ያው ነው። ሕክምና ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ትከሻው ገና ሌሊት እያስጮኸ ነው ወይስ ሕመሙ ሰክኖ ድርቀቱ ብቻ ቀርቷል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ወቅት መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለሳምንታት ያበርዳል፤ እንቅስቃሴውም ለስላሳ መሆን አለበት። ድርቀቱ ብቻ ሲቀር ጠንከር አድርጎ ማሳሳብ ይቻላል።

ታዲያ ለምን በቀዶ ሕክምና አይገላገሉትም? እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት 503 ታማሚዎችን በዕጣ መድቦ መርፌና ፊዚዮቴራፒን፣ በማደንዘዣ ትከሻን ማላቀቅንና በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናን አወዳደረ። ከዓመት በኋላ የትከሻውን ሕመምና አሠራር በሚለካ መመዘኛ ከ48 ነጥብ ቀዶ ሕክምናው 40.3፣ ማላቀቁ 38.3፣ ፊዚዮቴራፒው 37.2 አገኙ። «ቀዶ ሕክምናው በለጠ» ለማለት ያጓጓል፤ ተመራማሪዎቹ ግን በፊዚዮቴራፒና በሌሎቹ ሁለት ሕክምናዎች መካከል ለታማሚው ትርጉም አለው ብለው አስቀድመው የወሰኑት የ5 ነጥብ ልዩነት ነበር። ከተመዘገቡት 10 ከባድ ጉዳቶች 8ቱ የደረሱት ደግሞ በቀዶ ሕክምናው በኩል ነው።

«ሐኪሙም ካላቀቀ የወጌሻው ምን ነውር አለው?» ለሚለው፣ በማደንዘዣ ጡንቻው አይታገልም፤ ስብራት ወይም ውልቃት አለመኖሩም ቀድሞ ይታያል፤ መርፌም ይጨመርበታል። የነቃና የሚያመው ሰው ግን ጡንቻውን አጥብቆ ይታገላል፣ የወጌሻው ጉልበት የሚያርፈውም በተቆጣው ከረጢት ላይ ነው። የስኳር ሕመምተኞች መርፌውን መፍራታቸው ከንቱ ስጋት አይደለም፤ የትከሻው ሕመም እነሱን ከሌላው አብልጦ ይይዛል፣ መርፌውም ለቀናት ስኳር ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ስኳሩን በየቀኑ መለካት ያስፈልጋል እንጂ መርፌውን መተው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለቀጠሮ የመመላለስ ድካም ግን እውነተኛ ተቃውሞ ነው። በዚያ ጥናት ፊዚዮቴራፒው ቢበዛ 12 ቀጠሮ ነበር፤ ከቀጠሮ ቀጠሮ ያለውን ሥራ የሚይዘው ቤት ነው። ክርን ከጎን ተጣብቆ፣ ከዘራ በሁለት እጅ ተይዞ፣ በደህናው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ መግፋት፤ ሕመሙ ሲነሳ ማቆም፣ ትንሽ ቆይቶ መድገም።