ሴባስቶፖልን ማን ሠራው?

አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አንድ ትልቅ መድፍ ቆሟል። በታክሲ መስኮት ያላየው የለም፤ ወርዶ የዞረው ግን ጥቂት ይመስለኛል። እኔ ዞሬዋለሁ። እንደ ቅርጽ ጥሩ ነው፤ ግዙፍ፣ ደንዳና፣ ሲያዩት የሚከብድ። እንደ መታሰቢያ ግን አልጣመኝም። መድፉ በሰው እጅ የተሠራ ሳይሆን ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

ቅጂ መሆኑ አይደለም ችግሩ። ዋናው ሴባስቶፖል እስካሁን መቅደላ ላይ ነው ያለው፤ እዚያው ቢቆይም ደስ ይለኛል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስለዚህ መድፍ ስናወራም፣ ስንጽፍም፣ ሐውልት ስናቆምም የምናስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ንጉሡንና መድፉን። በመሀል የነበረውን እጅ ረስተነዋል።

እስቲ ወደ ጋፋት እንሂድ፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እነ ቴዎፊል ዋልድማየርን፣ ከአውሮፓ የመጡትን ባለሙያ ሚስዮናውያን፣ እዚያ አስፍረው መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። «አናውቅበትም» ሲሉ ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ያኔ እሺ ብለው ሞከሩ። ታሪኩን ያነበበ ሰው የዋልድማየርን ስም ያውቃል፣ የሞሪትዝ ሆልንም ያውቃል። የታሰሩትን አገልጋዮች በስም የሚጠራ ግን እኔን አላጋጠመኝም። የአገሬው ሰው በዚህ ትረካ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ የሚለው መያዣ ሆኖ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጎታች ሆኖ።

70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ማቅለጥና ማፍሰስ ምን እንደሚጠይቅ አስቡት። ነሐሱ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከቀረው የቀለጠው ነሐስ ሲነካው ይፈነዳል። ነሐሱ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ ደግሞ መቋረጥ የለበትም። ስለዚህ ጭቃ የረገጠ፣ እንጨት የፈለጠ፣ እሳቱ እንዳይወርድ ያደረ ሰው ነበር። ብዙ ሰው። የመድፉ ግማሽ ታሪክ እኮ ይሄ ነው!

ቀጥሎ ጉዞው አለ። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጡ። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተቆፈረ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ድርሰቶቻችን የሚያተኩሩት እዚህ መጨረሻ ላይ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» አለን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በአጭሩ «ቴዎድሮስ»። ርዕሶቹ ራሳቸው ወዴት እንደሚያዩ ይናገራሉ። ትልልቅ ደራሲዎች ናቸው፤ ግን አንዳቸውስ ርዕሱን ለእሳት ጠባቂው ቢሰጡት ምን ነበር?

«ስማቸው ካልተጻፈ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ የታሪክ ጸሐፊ ስም ከአየር አያመጣም። ልብ ወለድ ግን እንዲህ ላለው ክፍተት ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?

አሁን ትንሽ ራቅ ልበልና ወደ ጣሊያን ልሂድ፤ እጅን በማክበር ረገድ የድሮ የስፖርት መኪና የሚያድሱ ሰዎች ይበልጡናልና። ሞዴና ውስጥ ሰርጂዮ ስካሊየቲ የሚባል የመኪና አካል ሠሪ ነበር። የፌራሪን አልሙኒየም አካል በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ እያስተኛ በመዶሻ ያወጣው ነበር። በእጅ የተሠራ ስለሆነ የአንዱ መኪና ግራና ቀኝ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም። ዛሬ እነዚያን መኪናዎች የሚያድስ ጥሩ ባለሙያ ከቀለሙ ሥር የቀረውን የመዶሻ ምልክት ይጠብቀዋል እንጂ አያለሰልሰውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፌራሪ አንድ አዲስ መኪና አውጥቶ «612 ስካሊየቲ» ብሎ ሰየመው። የቀጥቃጩ ስም መኪናው ላይ ተጻፈ።

እኛ ጋ «ቀጥቃጭ» ስድብ ነበር። ብረት የሚሠራውን ሰው ቡዳ ብለን ሸሽተነዋል፤ ማረሻውን ግን ወስደናል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ልማዱ አለ። የተጨፈለቀ የቮልስ በር በመዶሻ መልሶ ቀጥ የሚያደርገው ልጅ ሥራው የሚታየው ስቱኮና ቀለም እስኪለብስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመሰገነው ቀለሙ ነው። አደባባዩ ላይ የቆመው መድፍም ለእኔ እንደዚያ ነው።

ሌላ ቅጂ ይሠራ የሚባል ከሆነ እንግዲህ፣ አልቆ የመጣ አይሁን። ደብረ ታቦር ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ የከተማው የብረታ ብረት ተማሪዎች በጭቃ ቅርጽ ያፍስሱት። የመጀመሪያው ቢሰነጠቅ ስንጥቁም አብሮ ይቀመጥ፤ የሠሩት ልጆች ስም ደግሞ ቅርጹ ገና ጭቃ ሳለ ይቀረጽበት።