ኔትወርኩ ገባ፣ ተሳፋሪው ግን ዝም አለ

«ሞባይል ታሪክ ገደለ» የሚል ወሬ ከፊልም ወዳጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። ድሮ ሰው ይጠፋል፣ መልእክት ይዘገያል፣ ልብ ይንጠለጠላል፤ አሁን ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ ስላለ ችግሩ በአንድ ጥሪ ያልቃል ይላሉ። ነገሩ እውነት ይመስላል። ግን ለመፈተን አንድ ታሪክ ከስልክ በፊትም ከስልክ በኋላም ተሠርቶ ማየት ያስፈልጋል። ደግነቱ እንዲህ ዓይነት ታሪክ አለ፣ ያውም ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ላይ የቆመ፦ «ዘ ቴኪንግ ኦፍ ፔልሃም ዋን ቱ ስሪ»።

ጆን ጎዴይ በሚል የብዕር ስም የታተመው ልቦለድ በ1973 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1974 ጆሴፍ ሳርጀንት ፊልም አደረገው፤ በ2009 ቶኒ ስኮት ደገመው። በ1998 ለቴሌቪዥን የተሠራም አለ፣ እሱን እንለፈው። ታሪኩ ቀላል ነው። የታጠቁ ሰዎች ኒው ዮርክ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር ይጠልፋሉ፤ አንዱን ፉርጎ ለይተው ዋሻ ውስጥ ያቆሙና ለከተማው አንድ ሰዓት ይሰጣሉ። ገንዘቡ ካልደረሰ ተሳፋሪ መግደል ይጀምራሉ። በ1974 የጠየቁት አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2009 አሥር ሚሊዮን። ኑሮ እዚያም ተወዷል።

አንድ የሚገርም አጋጣሚ ልጨምር። ልቦለዱ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያውን ጥሪ አደረገ፤ ቀኑ ኤፕሪል 3 ነበር። ላይ መንገድ ላይ ስልኩ ከገመድ ተፈታ፣ ከታች ደግሞ ማንም ሊደውል የማይችልበት ፉርጎ በልቦለድ ተጻፈ። ሁለቱ እስኪገናኙ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር።

የ1974ቱ ፊልም የሚበልጥ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከጠላፊዎቹና ከመቆጣጠሪያው ክፍል መሀል ያለው አንድ የሬዲዮ መስመር ብቻ ነው። ዋልተር ማቶ የሚጫወተው የትራንዚት ፖሊሱ ጋርበር፣ ሮበርት ሾው የሚጫወተውን ሚስተር ብሉን በዓይኑ ሳያይ በድምፁ ብቻ ያጠናዋል። መስመሩ ጠባብ ስለሆነ የሚያልፍበት ነገር ሁሉ ከባድ ነው፤ ማስነጠስ እንኳ። ከጠላፊዎቹ አንዱ ጉንፋን ይዞታል፣ ሲያስነጥስ በሬዲዮው ይሰማል። መጨረሻ ላይ ጋርበር ከአንድ አፓርታማ በር ወጥቶ ሲዘጋ ከበስተጀርባው ያችኑ ማስነጠስ ይሰማና በሩን መልሶ ይከፍታል። (መጨረሻውን ነገርከን አትበሉኝ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ፊልም ነው።) ሁሉም ሰው ከዋሻው በቪዲዮ ቢያወራ ኖሮ ያቺን ማስነጠስ ማን ይሰማት ነበር?

እስከዚህ ድረስ «ሞባይል ታሪክ ገደለ» ባዮች ትክክል ናቸው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ጠባብ መስመር የማን ነው? የጠላፊውና የባለሥልጣኑ ነው። ተሳፋሪው የለበትም። ፊልሙ ሲያልቅ የስም ዝርዝሩን ቆም ብላችሁ አንብቡ፦ «እናት»፣ «ጸሐፊዋ»፣ «አዛውንቱ»፣ «ሻጩ»፣ «ሂፒው»፣ «ሰካራሟ»፣ «ስፓኒሿ ሴት»። አንድም ስም የለም። ሰካራሟ ያን ሁሉ ግርግር ተኝታ ታሳልፋለች። አዛውንቱ ለነሱ ስንት ብር እንደተጠየቀ ይጠይቅና መልሱን ሲሰማ ያን ያህልም አይደለም ዓይነት ይላል። ቀልዱ ይጣፍጣል፤ ግን አዛውንቱ ዋጋውን የጠየቀው ጠላፊውን ነው። ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ላይ ደግሞ ከንቲባው ታሞ አልጋ ላይ ነው። ክፈል የምትለው ሚስቱ ናት፤ ምክንያቷም ቢያንስ አሥራ ስምንት የማይቀር ድምፅ ታገኛለህ የሚል ነው። ታጋቾቹ ከላይ ሲታዩ ይህን ነው የሚመስሉት፣ ቁጥር። ሳርጀንት ይህን ያውቃል፣ የሚያላግጠውም በዚሁ ነው። ፉርጎው ውስጥ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ አለ፤ የራሱ መሥሪያ ቤት ግን የትኛው ተሳፋሪ እንደሆነ አያውቅም፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ። በመጨረሻ ጋርበር ሐዲድ ላይ የወደቀውን ባለ ረጅም ጸጉር ፖሊስ ሲያገኘው እንደ ሴት ነው የሚያነጋግረው። ሳቅን፣ አለፈ። ግን ልብ በሉ፦ የራሱን ሰው ያላወቀው ዋሻው ድምፅ ስለማያሳልፍ ነው።

ወደ 2009 እንምጣ። ዴንዜል ዋሽንግተን የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ፣ ጆን ትራቮልታ ራይደር የሚባል ጠላፊ። ካሜራው ይሽከረከራል፣ ምስሉ ይቆማል፣ ሰዓቱ በስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ቶኒ ስኮት ዝም ማለት አይችልም። አንድ ጎበዝ ሐሳብ ግን ነበረው። አንድ ወጣት ተሳፋሪ ባቡሩ ሳይጠለፍ በላፕቶፑ ከፍቅረኛው ጋር በቪዲዮ ያወራ ነበር፤ ጠለፋው ሲጀመር ግንኙነቱ ተቋርጦ ላፕቶፑ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ጠላፊዎቹ ለራሳቸው ጉዳይ ዋሻው ውስጥ የኢንተርኔት መሣሪያ ሲተክሉ፣ ያ የተረሳው ላፕቶፕም አብሮ ነፍስ ይዘራል። ካሜራው ማሳየት ይጀምራል።

ይህ ሐሳብ ብቻውን ፊልም ይወጣው ነበር። እስቲ ኔትወርኩ ለምን እንደዋለ ቁጠሩ። ራይደር የቀድሞ የዎል ስትሪት ሰው ነው፣ ከዋሻው ሆኖ ገበያውን ይከታተላል። ከዚያ የዴንዜልን ገጸ ባሕርይ በኢንተርኔት ይፈልግና ባቡር ግዢ ላይ 35 ሺህ ዶላር ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ እየተመረመረ መሆኑን ያገኛል፤ በአንድ ተሳፋሪ ላይ መሣሪያ ደግኖ በሬዲዮ ያናዝዘዋል። የላፕቶፑ ካሜራ ደግሞ ለመቆጣጠሪያው ክፍል የጠላፊዎቹን ፊት ያሳያል። በቃ። ወጣቱና ፍቅረኛው ከጥቂት ቅጽበት ያለፈ ቦታ የላቸውም። ሲግናሉ ወርዷል፣ ግን የሚያወራው ያው ጠላፊውና ባለሥልጣኑ ነው። በ1974 ተሳፋሪው የማይናገረው መሣሪያ ስለሌለ ነበር። በ2009 መሣሪያው ሥራውን እየሠራ አጠገቡ አለ፣ ፊልሙ ግን ተሳፋሪው ምን እንደሚል ማወቅ አይፈልግም። የከሸፈውም እዚህ ላይ ነው። ኔትወርክ ታሪኩን ገደለው የሚሉት ያልተጠቀሙበትን ነገር እየወቀሱ ነው።

በነገራችን ላይ ጠላፊዎቹ ከተማውን ቀድመውታል። የሬዲዮ ሞገድ አፈርና ኮንክሪት በቀላሉ ስለማያልፍ፣ ኔትወርክ ወደ ምድር ውስጥ የሚገባው አንቴናውን ራሱን ይዞ በመውረድ ነው። ጣቢያዎች ላይ ትንንሽ አንቴናዎች ይሰቀላሉ። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ በየመሀሉ የተሸነቆረ ገመድ በግድግዳው ላይ ይዘረጋል፤ ሞገዱ ከሽንቁሮቹ ይሾልካል፣ ልክ እንደ ተበሳሳ የውሃ ቱቦ። ኒው ዮርክ ይህን የጀመረችው በሴፕቴምበር 2011 ማንሃተን ውስጥ በስድስት ጣቢያዎች ነው፣ ከፊልሙ ሁለት ዓመት በኋላ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሁሉም ለማለት የሚቻል የምድር ውስጥ ጣቢያዎች ዋይፋይና የሞባይል ኔትወርክ አገኙ። ጣቢያዎቹ ናቸው እንጂ ዋሻዎቹ አይደሉም። ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ስልኩ ይነቃል፣ መልእክት ይዥጎደጎዳል፣ በሩ ተዘግቶ ባቡሩ ሲነሳ እንደገና ጸጥ። የፔልሃም ፉርጎ የቆመው እንዲህ ያለው ጸጥታ ውስጥ ነው። የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ኔትወርኩን ወደ 418 ማይል የዋሻ ሐዲድ ለማስፋት የወሰነው በ2022 ነው።

ከተማውም ቢሆን ሲግናሉን ለተሳፋሪው ሲሰጥ በመጀመሪያ ያሰበው ምን እንዲቀበል ነው። በ2016 ከፔንግዊን ራንደም ሃውስ ጋር «ሰብዌይ ሪድስ» የሚባል ነገር ለጥቂት ሳምንታት ሞከረ፦ ከጣቢያው ዋይፋይ ነፃ አጫጭር ታሪኮችና የመጽሐፍ ምዕራፎች፣ በደቂቃ ተለክተው። ጉዞህ አሥር ደቂቃ ነው? የአሥር ደቂቃ ታሪክ ይኸውልህ። በቀጣዩ ዓመት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀላቅለው አንድ ባቡር ውስጡን የንባብ አዳራሽ አስመሰሉት። አልሳለቅም፤ ባቡር ውስጥ ማንበብ እወዳለሁ፣ በነፃ የተገኘ ታሪክም አልጠላም። ግን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ካሰብኩት፣ በጉዞ ልክ የተሰፋ ታሪክ ሲበዛ ልብስ ስፌት ይሆናል። ደግሞም ተሳፋሪው እዚህም ተቀባይ ነው።

ሲግናል ተሳፋሪው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየነው ፊልም ላይ አይደለም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2003፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ። አንድ ሰው ጁንጋንግኖ ጣቢያ በደረሰ ባቡር ውስጥ እሳት ለኮሰ። ከወዲያ በኩል የመጣ ሁለተኛ ባቡር አጠገቡ ቆመ፣ እሳቱም ተዛመተበት። የሁለተኛው ባቡር ሹፌር ሲሸሽ ቁልፉን ነቅሎ ሄደ፣ በሮቹ ተዘጉ። 192 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በሁለተኛው ባቡር የነበሩት ናቸው። እዚያ ከመሬት በታች ሞባይል ይሠራ ነበር። ሰዎች ወደ ቤታቸው ደወሉ። በኋላ እሳቱ አስከሬኖቹን እንዳይለዩ ሲያደርጋቸው፣ እዚያ ውስጥ ማን እንደነበረ ለማወቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ ስልክ ኩባንያዎቹ ያወጡት የጥሪ ሙከራዎችና የሲግናል መዝገብ ነው።

ጥሪዎቹ በሩን አልከፈቱም፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ግን ያን ቀን መስመሩ የባለሥልጣንና የወንጀለኛ ብቻ አልነበረም። ሴቲቱ «እናት» ተብላ አልቀረችም፤ የደወለችለት ሰው ስሟን ያውቃል። ኔትወርክ ተዘግቶ የቤተሰቡን ድምፅ ለሳምንታት፣ ለወራት ያልሰማ ሰው ባለበት አገር ለምናድግ ሰዎች ይህ ልዩነት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ስለዚህ አንዳንድ ጸሐፊዎች ዋሻውን «የመጨረሻው ጸጥታ» እያሉ ሲያሞጋግሱት ልቤ በግማሽ ብቻ ይከተላቸዋል። ስልኬን አጥፍቼ መቀመጥ ደስ ይለኛል፣ ማጥፊያው እኔ ጋ እስካለ ድረስ።

ፔልሃም እንደገና ይሠራ ይሆናል፣ ሆሊውድ ነውና። ያኔ የኒው ዮርክ ዋሻዎችም ኔትወርክ ይኖራቸዋል፣ ጠላፊዎቹም መሣሪያ ተሸክመው መውረድ አያስፈልጋቸውም። ዳይሬክተሩን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ካሜራውን ከመቆጣጠሪያው ክፍል ያውጣውና እዚያው ፉርጎ ውስጥ፣ ስልኳን ከቦርሳዋ ስር ደብቃ በአንድ እጇ የምትጽፈው ሴት አጠገብ ያቁመው። ምን እንደጻፈች፣ ለማን እንደጻፈች፣ መልስ መጥቶላት እንደሆነ እንይ። በስም ዝርዝሩም ላይ ስሟን ከነአባቷ ይጻፍልን።