የዘፋኙን ቦታ የወሰደ ኦርጋን

«ሙዚቃዊ ስልት»ን ከፍታችሁ ድምፃዊው መቼ ይገባል ብላችሁ ብትጠብቁ፣ አይመጣም። ዋልያስ ባንድ ይህን ሥራ «ቼ በለው» በተባለው የመሣሪያ ሙዚቃ አልበሙ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በዚያን ጊዜ የባንድ ዋና ሥራ ዘፋኝ ማጀብ ነበር። ስንኙ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ በመሃል ያለችውን ክፍተት ሞልቶ ወደ ኋላ መመለስ። ዋልያሶች፣ በአዲስ አበባ ሂልተን ሌሊቱን ሲያጅቡ የኖሩት፣ ዘፋኙን ከመድረክ አውርደው ዜማውን ራሳቸው ያዙት።

ጥበቡ የሚታየው ማን ምን እንደማይጫወት ሲታይ ነው። የመላኩ ገብሬ ቤዝ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ላሳምረው ብሎ አይወጣም። የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት ዜማውን እኩል ጀምረው እኩል ይቆርጡታል፤ ከቆረጡ በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ማንም አይሻማበትም። በአልበሙ ሙላቱ አስታጥቄ ራሱ በቫይብራፎን እንግዳ ሆኖ ገብቷል፤ እሱም ቢሆን ወረፋውን ጠብቆ ነው የሚጫወተው።

ዘፋኙን የመተካት ዕዳ የወደቀው ግን በኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ ነው። ኦርጋን እንደ ማሲንቆ ድምፅ አያጥፍም፤ ቁልፉ ወይ ተነክቷል ወይ አልተነካም። ታዲያ የዘፋኙ ቅላጼ ከየት ይምጣ? ኃይሉ ዋናውን ኖታ ከመርገጣቸው በፊት የቅኝቱን ጎረቤት ኖታ ለቅጽበት ነክተው ያልፋሉ። ሐረጉ ሲያልቅም፣ ዘፋኝ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ፣ እጃቸውን ያነሳሉ። ኦርጋን ትንፋሽ አያስፈልገውም፤ ጆሮ ግን ያስፈልገዋል።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባለችው ጨፋ ሮቢት ያደገ ጆሮ በቅኝት ነገር በቀላሉ አይታለልም። ኃይሉ ከተወለዱባት ከደብረ ብርሃን የሚነሳው አውራ ጎዳና በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በሰንበቴ አድርጎ ጨፋ ሮቢትንና ከሚሴን ያቋርጣል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ የዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ ባቲ አለች፤ ከደሴ ወዲያ አምባሰል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በስም የዚህ መንገድ ልጆች ናቸው። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ከመነሻው ኖታ በግማሽ ድምፅ ብቻ የምትርቀው ሁለተኛዋ ኖታ ናት፤ እሷን በግዴለሽነት የረገጠ ተጫዋች ወዲያው ይጋለጣል።

ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ ከአባላቱ ገሚሱ ተመለሱ፣ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 «ሸሞንሟናዬ» ሲቀረጽ አጠገባቸው ባንድ አልነበረም፤ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ብቻ። «አምባሰል» ከዚሁ አልበም ሥራዎች አንዱ ነው። በልጅነታቸው የጀመሩበት አኮርዲዮን ኦርጋኑ የሌለውን ሰጣቸው፤ ቁልፉ እንደተያዘ ድምፁን የሚያሳድግና የሚያከስም አየር። ማሽኑ ከምቱ ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ አኮርዲዮኑ አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት እያለ በላዩ ይመላለሳል። ሰው ሠራሹ ምት የሰውየውን እጅ ይበልጥ አጉልቶታል።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናቸው ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ መለሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት «ላላ በሉ» የሚዘጋው «የፍቅር እንጉርጉሮ» በተባለ ሥራ ነው፤ ምት የለ፣ ቤዝ የለ፣ እሳቸው ብቻቸውን በፒያኖ። የፒያኖ ኖታ ደግሞ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። ኃይሉ አይቸኩሉም። ኖታው የሚከስምበትን ጊዜ የዜማው አካል አድርገው ይጠቀሙበታል።

ኦርጋኑ ድምፁን እኩል ይይዛል፣ አኮርዲዮኑ ያሳድጋል፣ ፒያኖው ይለቃል። ከአርባ ዓመት በላይ በዘለቀው የሙዚቃ ጉዞ የተቀየረው ይህ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ግጥም የማያወጣ መሣሪያ እንዴት ይዘፍን? ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተሰጠው መልስ የተለየ ነው፤ የሚያምረውም ስለሚለያይ ነው።

ዛሬ በብዙ የሰርግ ድንኳን ያለው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ ከነበራቸው ብዙም አይርቅም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አብሮት የተጫነ ምት። ልዩነቱ ከዕቃው አይደለም። ብዙው ተጫዋች ዝምታ የተፈጠረ ሲመስለው ይደነግጥና በምትና በኮርድ ይሞላዋል፤ ሁለተኛዋ የአምባሰል ኖታም በዚያ ጫጫታ ውስጥ ትጠፋለች። «ቼ በለው»ን፣ «ሸሞንሟናዬ»ንና «ላላ በሉ»ን በተርታ ያዳመጠ ወጣት ኪቦርዲስት አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። ግራ እጁን ትንሽ ዝም ማሰኘት ከቻለ ግማሹን ሙያ ይዟል።