ሃይማኖተኛነትና መንግሥት በወሎ

የታሪክ ሊቅ ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በላይደን ታትሞ ወጥቷል። ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ የሚጽፍ ሰው ሳያነበው ሊያልፍ አይገባም።

ሰው በግል ሃይማኖቱ በጠነከረ መጠን በሸሪዓ የሚገዛ መንግሥት ይመኛል የሚለው አሳብ ያለ ክርክር ሲነገር ይሰማል። መጽሐፉ ይህን ለመመርመር ብዙ ማስረጃ ይዟል፤ ደራሲው ግን የድርሰታቸው ዋና ነገር አላደረጉትም።

ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን እንመልከት። በዐረብ ፊደል የአማርኛ መንዙማ የደረሱ መንፈሳዊ ሰው ነበሩ። ጦር ያነሡት ግን ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ካዘዙ ወዲህ ነው። ለዐመፅ ያበቃቸው አዋጁ እንጂ የጸሎታቸው ብዛት አይደለም ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የጃማ ንጉሡ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ትምህርትን ከጂሃድ ጋር አስተባብረዋል፤ ያውም የወረሂመኖ ገዢዎች ራሳቸው ኢማም ይባሉ በነበረበት ዘመን! እስላማዊ መንግሥት ማለት ምን እንደ ሆነ በምእመናኑ መካከል እንኳ ስምምነት እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። በኮምቦልቻ አጠገብ ያለው ጌታ ደግሞ ስሙ የሚነሣው በትምህርቱና በመውሊዱ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት ከምንጮቹ የመጣ ነው። ደቀ መዛሙርት የጻፏቸው ገድላት ስለ መምህራን እንጂ ስለ ተራው ሕዝብ አይናገሩም። ቡና አፍልታ፣ ወዳጃ ተቀምጣ ዱዓ የምታደርገው ሴት ስለ መንግሥት ምን ታስብ ነበር? ማርክ ቴስለር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በአራት የዐረብ አገሮች ሕዝቡን በመጠየቅ፣ የሃይማኖት ጽናት ሰውን ከዴሞክራሲ እንደማያርቅ አሳይቷል። በወሎ ግን መስፈሪያው ራሱ ያከራክራል፤ አንዱ ወዳጃን ጽድቅ ሲለው ሌላው ቢድዓ ይለዋል፤ ሁለቱም አጥባቂዎች ናቸው።

በ2004 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው አወሊያ ተነሥቶ ደሴንም የነካው ተቃውሞ ይህንኑ ያስረዳል። ሰልፈኞቹ የመጅሊስ ምርጫ እንዲደረግና የአሕባሽ ትምህርት በግድ እንዳይሰጥ ሲጠይቁ፣ መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን 11ኛ አንቀጽ ይጠቅሱ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ግን መሪዎቹን እስላማዊ መንግሥት ለማቋቋም አሢራችኋል ብሎ ከሰሳቸው፤ በ2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ኋላ ተፈቱ። በደሴ ወደፊት የሚያጠና ተመራማሪ፣ ስንት ጊዜ ትሰግዳለህ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ መንግሥት ምን ሲያደርግብህ አይተሃል ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።