«ዘላይ በራሂ» ስለተባለው ስያሜ

የውጭውን ስያሜ ቃል በቃል ተከትሎ የተሠራው «ዘላይ በራሂ» ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ ስለ ጡት ካንሰር በሚጻፍበት ጊዜ አንባቢን ያሳስታል። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ያገኙትና በ1983 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ቅንጣት ከስፍራው ተነቅሎ ሌላ ስፍራ የሚተከል ስለሆነ «ዘላይ» ቢባል አያስነቅፍም። በሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ያለው «አሉ» ግን (ስሙ ከአማርኛው ግሥ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው) አይዘልም። ዋናው በስፍራው ይቀራል፤ በአር ኤን ኤ አማካይነት የተገለበጠው ቅጂ ሌላ ስፍራ ይገባል። በፖርቱጋል ቤተሰቦች ዘንድ ከሚወረሱት የጡት ካንሰር መንሥኤዎች አንዱ፣ የተሰበረ ዲ ኤን ኤ በሚጠገንበት ሥራ የሚያገለግለው ቢ አር ሲ ኤ 2 በዚህ ዓይነት ቅጂ መበላሸቱ ነው። «አሉ» ፕሮቲን ስለማያሠራም «በራሂ» መባሉ አይገባውም።

ስሕተቱ የቃላት ብቻ አይደለም። «ዘላይ» ስትባል የሰማች ታማሚ ዕጢው ከጡቷ ወደ ሌላ አካሏ የዘለለ ይመስላታል፤ የዕጢ ስርጭት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

«ሰርጎ ገብ» እንዳይባል፣ ቃሉ ከውጭ የመጣን ጠላት ያመለክታል፤ ይህ ግን የገዛ አካል ክፍል ነው። ስለዚህ «ተቀድቶ ገብ ቅንጣት» ቢባል እንመርጣለን፤ ውሃ ሲቀዳ ምንጩ በስፍራው ይቀራልና። «የዘረመል አለመረጋጋት» የሚባለውም «አለመርጋት» ቢሆን ይሻላል፤ የፊተኛው ለሰው መንፈስና ለአገር ጸጥታ የተለመደ ነው።