«ጠባብ ሐዲድ» እና «ከተማ አቋራጭ ባቡር»፤ የሁለት ስያሜዎች ሂስ

ስለ ስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ስያሜዎች በቀላሉ ከብዕር ይወጣሉ፤ «ጠባብ ሐዲድ» እና «ከተማ አቋራጭ ባቡር»። ሁለቱም ለጆሮ ይስማማሉ፤ ሁለቱም ግን በእኛ አስተያየት አንባቢን ያሳስታሉ። ሐዲድ ባልተዘረጋበት በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ተማሪው ነገሩን በዓይኑ አይቶ ቃሉን ሊያርም አይችልም፤ በእጁ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ስያሜውን መመዘን ያለብን በለገሃር ሰው ጆሮ ሳይሆን በቡሬ ሰው ጆሮ ነው።

አስቀድመን «ባቡር» የሚለውን እንመልከት። ቃሉ ከእንፋሎት ስም የመጣ ሲሆን፣ በአማርኛ ለሐዲድ ተሽከርካሪ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ያለ ሐዲድ የሄደው የእንፋሎት ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። በገጠር ደግሞ የእህል ወፍጮው ሞተር «ባቡር» ይባላል። የቡሬ ገበሬ «ጤፉን ባቡር ላክሁት» ቢል ሊያስፈጨው ማለቱ እንጂ በሐዲድ አስጫንሁት ማለቱ አይደለም። እንግዲህ «የተራራ ባቡር» ሲባል በኮረብታ ላይ የተተከለ ወፍጮ ቢታየው አይፈረድበትም። «ምድር ባቡር» የሚለው ነባር ስያሜ ይህን ብዥታ ያስቀራልና፣ «ምድር» የሚለው ቃል ትርፍ መስሎን ልንጥለው አይገባም።

«ጠባብ ሐዲድ» ደግሞ ጥበቱን ያለ ቦታው አስቀምጦታል። ሐዲድ ብረቱ ነው፤ የሚጠብበው ግን ብረቱ ሳይሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ወርድ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው መሥመር ወርዱ 1000 ሚሊሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር 1435 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ «ወርደ ጠባብ ምድር ባቡር» ቢባል እንመርጣለን። ተናባቢ ሐረግ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም፤ «ልበ ሰፊ» ይላል፤ የፍኖተ ሰላም ስም ራሱም የተናበበ ነው። ፍቺውም «በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ወርድ ከ1435 ሚሊሜትር ያነሰ፣ በተራራማ ስፍራ ጠባብ መታጠፊያዎችን ለመከተል የሚያመች» ቢሆን፣ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተፈለገም ያስረዳል።

«ከተማ አቋራጭ ባቡር» ከዚህም ይከፋል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሰው «አገር አቋራጭ» የሚለውን ከአውቶቡስ ጋር ያውቀዋል፤ አቋራጭ ለእርሱ ራቅ ወዳለ ስፍራ አልፎ የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው፣ ከኩር ወደ አሮሳ 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወጣው ባለ 1000 ሚሊሜትር መሥመር ግን በኩር ከተማ ውስጥ ከመኪና ጋር አንድ ጎዳና ተጋርቶ ይሄዳል። ቁም ነገሩ ማቋረጡ ሳይሆን መጋራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንኳ በጎዳና መሐል ቢሄድም መሥመሩ በአብዛኛው ከመኪናው መንገድ የተለየ ነው፤ አንድ ስያሜ ለሁለቱ አይበቃም። ለኩሩ ዓይነት «ጎዳና ተጋሪ ምድር ባቡር» የሚለውን እናቀርባለን።

ስያሜዎቹ ረዘሙ የሚለን ይኖር ይሆናል። እጥረት በስያሜ መልካም ጠባይ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን አጭር ሆኖ ከሚያሳስት ረዝሞ የሚያስረዳ ይሻላል። የተሻለ ያለው ቢያቀርብ ደስ ይለናል። መለኪያው ግን ሐዲድ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ቃሉን ብቻ ይዞ ነገሩን በትክክል በሐሳቡ መሣል መቻሉ ይሁን።